ሴት ልጅን ሲድሩና ሲያወርሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ሴት ልጅ ሐቋን የምታጣው ብዙውን ጊዜ በሸሪዓ ወይም በሕግ ምክንያት አይደለም። «ሃይማኖታችን እንዲህ ነው» እየተባለ ኪታቡም አዋጁም የማያውቀው ነገር ሲደረግባት ነው። ከኒካ እስከ ውርስ፣ በደሴም በከሚሴም፣ በሐይቅም በባቲም ተደጋግመው የሚሠሩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሳይጠይቁ ዝምታዋን እንደ እሺታ መቁጠር

«የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው» የሚለውን ሐዲስ የማያውቅ የለም። ከሱ ፊት ያለው ግን ይዘለላል፤ ሐዲሱ የሚጀምረው «ትጠየቅ» ብሎ ነው። ሳትጠየቅ ዝም ያለች ልጅ ገና አልሰማችም እንጂ አልፈቀደችም። በሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አተረጓጎም መንገድ) አባት ያላገባች ልጁን ሳያስፈቅድ መዳር ይችላል የሚል አቋም እንዳለ መካድ አያስፈልግም። ይህን የሚጠቅሱ አባቶች ግን ሊቃውንቱ ያሰሩበትን ቅድመ ሁኔታ አብረው አይጠቅሱም፦ በሷና በአባቷ መካከል የታወቀ ጠብ እንዳይኖር፣ ሰውየው እኩያዋ እንዲሆን፣ መህሩ (ባል በኒካ ለሚስቱ የሚሰጠው ሀብት) ከመሰሎቿ እንዳያንስ፣ እሱም መክፈል የሚችል እንዲሆን። በሐነፊ መዝሀብ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ጭራሽ አትገደድም። ቀድሞ አግብታ የነበረችው ኸንሳእ ቢንት ኺዳም አባቷ ሳትፈልግ ሲድራት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኒካውን እንዳፈረሱላት ቡኻሪ ዘግቧል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል።

አጠያየቁ ራሱ ዘዴ አለው። አባትና አጎቶች በተቀመጡበት ጠይቆ ዝምታ መቀበል ዋጋ የለውም። ኒካ የሚያስረው ሸህ ወይም ወኪሉ ከአባቷ ርቆ፣ እናቷ ወይም አክስቷ ባሉበት ይጠይቃት። የሰውየው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሌላ ሚስት ያለው እንደሆነ፣ መህሩ ስንት እንደሆነ ይነገራት። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ይሰጣት። አልቅሳ ዝም ካለች ደግሞ እንደገና ትጠየቅ።

«ደርሳለች» ብሎ መዳር

ይኼ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 የሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። ያጋቡትም በተባባሪነት ይጠየቃሉ።

መህርን ከጥሎሽ ጋር ማምታታት

ጥሎሽ ልብሱ፣ ሽቶው፣ ሻንጣው ነው። መህር ግን የሷ የግል ንብረት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አራተኛ አንቀጽ «ስጧቸው» የሚለው ሴቶቹን ነው፤ ለአባታቸው ስጡ አይልም። ብዙ ቤት ግን መህሩ ለሰርጉ ሰንጋና ለድንኳን ኪራይ ውሎ ያድራል፣ ሙሽራዋም ብሩን ሳታየው ትሄዳለች። ይኼ ከልጅ ገንዘብ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ለኋላ የሚቆየውን መህር በብር መጻፍ ነው። ከዓመታት በፊት 20,000 ብር ተብሎ የታሰረ መህር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ማስላት አይከብድም፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህማ ይባስ። በወርቅ ይጻፍ፣ ግራሙና ካራቱ ይለይ፦ «20 ግራም፣ ባለ 21 ካራት፤ 5 ግራሙ ተከፍሏል፣ 15 ግራሙ ቀርቷል»። «አንድ ሐብል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነገር ሲጣሉ ሐብሉ እየቀጠነ ይሄዳል። ያልተከፈለ መህር በባል ላይ ዕዳ ነው፤ ሲሞትም ውርሱ ከመከፈሉ በፊት ይወጣል። አብዛኛው መበለት ይህን አያውቅም፤ ወንድም አማቾቹም አያስታውሱትም።

ወረቀቱን ማንም ያስቀምጠዋል ብሎ መተው

ሁለት ምስክርና ወሊይ (ሴቷን የሚድራት ዘመድ) ካሉ ኒካው በዲን በኩል ሙሉ ነው። ሕጉም በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ግን መመዝገብ አለበት፣ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ያልተመዘገበ ጋብቻ ፈራሽ ባይሆንም ሸሁ ሞተው፣ ምስክሩ ጅዳ ሄዶ ሲገኝ «ሚስቱ ነኝ» ለማለት ሰው ማስለመን ይመጣል። የኒካ ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ይኑረው፣ አንዱ በሴቷ እጅ ይቀመጥ። ፍቺም እንዲሁ ነው። ባል በንዴት «ፈትቼሻለሁ» ብሎ ሦስቴ ጮኾ ቢሄድ በሕግ ዘንድ ጋብቻው አልፈረሰም፤ ፍቺ የሚጸድቀው በፍርድ ቤት ነው።

ዐረብ አገር ያለችው ልጅ የላከችውን የቤተሰብ ገንዘብ ማድረግ

ከቃሉም ከወረባቦም ከተሁለደሬም የሄዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠራ ቤት ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ስንት እንዳለ መንገዱን ያየ ያውቃል። ካርታው ግን በማን ስም ነው? በአባት ወይም በታላቅ ወንድም። አባት ሲሞት ቤቱ «የአባታችን» ተብሎ ለክፍፍል ይቀርባል። ልጅቷ በገዛ ገንዘቧ በሠራችው ቤት የወንድሟን ግማሽ ትወርሳለች ማለት ነው። በሸሪዓ ይኼ ውርስ አይደለም፤ ሟች ያልነበረው ንብረት አይወረስም። ችግሩ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ በራሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለግንባታ የሚወጣው ከዚያ ሒሳብ በውክልና ይውጣ። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ ሆኖ «ለማሠራት» ብቻ የሚል ይሁን፤ «ለመሸጥና ለመለወጥ» የሚለው ቃል ተጨምሮ እንደሆነ ከመፈረሟ በፊት አንድ ሰው ያንብብላት። ቦታው በሷ ስም ይገዛ። የግድ በሌላ ስም ከሆነ «ገንዘቡ የእገሊት ነው» የሚል በምስክር የተፈረመ ሰነድ በዚያው ቀን ይሠራ፣ ቆይቶ የሚሠራ ወረቀት ጠብ ያመጣልና። ሌላም አለ፦ ደላላ ዕድሜና ስም ለውጦ ያወጣላት ፓስፖርት ከመታወቂያዋ ጋር ካልገጠመ ሒሳቡም ካርታውም የሷ መሆኑን ማስረዳት ዓመት ይፈጃል።

«ለወንድሞችሽ ተይላቸው»

ከሁሉ የከፋውና በጣም የተለመደው ይኼ ነው። በአባት የአርባ ቀን ሶደቃ ላይ ቡናው በረካ ደርሷል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ቤቱ ሙሉ ሰው አሚን ለማለት ይጠብቃል። ታላቅ ወንድም ይነሳና «እህቶቻችን ሐቃቸውን ትተውልናል፣ መርቁልን» ይላል። በዚያ ሰዓት «ኧረ እኔስ አልተውኩም» የምትል እህት የአባቷን ዱዓ ያበላሸች ትሆናለች። ደግሞም ነገ ባሏ ቢያስወጣት የምትገባው የወንድሟ ቤት ነው፤ ያንን በር እንዳትዘጋ ብላ ትተዋለች። ይኼ መፍቀድ አይባልም። ድርሻዋ ስንት እንደሆነ እንኳ አልተነገራትም።

ኒሳእ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሴቶች ከትንሹም ከብዙውም የተወሰነ ድርሻ አላቸው ተብሏል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አባት ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ያልተከፈለ መህር ወጥቶ የሱ ድርሻ የሆነ 960,000 ብር ቀረ። በሸሪዓ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 120,000 ብር። የቀረው 840,000 ለሰባት ይከፈላል፣ ወንድ ሁለት ሁለት እጅ፣ ሴት አንድ አንድ፤ ለእያንዳንዱ ወንድ 240,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት 120,000። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ልጆች እኩል ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 192,000። ሚስት በዚህ ሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የሷ የጋራ ንብረት ግማሽ ቀድሞ ወጥቶላታል። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የሙስሊም ሴት ልጅ ድርሻ ዜሮ የሚሆንበት ሒሳብ የለም።

ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ መቁጠር፣ መጻፍ፣ በእጇ ማስረከብ ነው። ከዚያ ወራት ቆይታ «ወንድሜ ተቸግሯል» ብላ ብትሰጠው ስጦታዋ ነው። አባት በሕይወት እያለ «እተዋለሁ» ማለቷም አይጸናም፤ ሐቁ የሚመጣው በሞቱ ነው። አባት ቀድሞ ንብረቱን ለወንዶቹ ብቻ በስጦታ እያደለ መጨረሱም ያው ነገር ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ልጅ ብቻ በተሰጠ ስጦታ ላይ ምስክር አልሆንም ብለው «በልጆቻችሁ መካከል ፍትሐዊ ሁኑ» ያሉት ለልጁ ለኑዕማን ብቻ ለሰጠ አባት ነው።

ዝም ብላ የምትጠብቅም ትቀደማለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት መብቷንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀች በኋላ ያላት ጊዜ 3 ዓመት ነው። የገጠር ማሳ ግን መንገዱ ሌላ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የይዞታ መብት ነው፤ ጥያቄው ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጀመር።

የቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) መጥሪያን መናቅ፣ ወይም ሳያነቡ መፈረም

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ክርክር በሸሪዓ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። «አልሄድም፣ አልቀበልም» ብሎ ቤት መቀመጥ ግን እንቢታ አይደለም። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ እንደ ፈቀደ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። አንዴ ከፈቀዱ በኋላም ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት አይዛወርም። እንቢ የምትል ሴት በቀጠሮዋ ቀርባ «አልፈቅድም» ብላ በመዝገብ ታስይዝ። ከድጃ በሽር የተባለች ሴት ጉዳዩዋ በሸሪዓ እንዳይታይ ተቃውማ ሳለ ተፈርዶባት እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሳ፣ ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ውሳኔውን ሽሮላታል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ለሴት ይጎዳል ማለት ግን አይደለም። ከላይ እንደታየው የሟች ሚስት አንድ ስምንተኛ የምታገኘው እዚያ ነው፣ የቀረ መህሯንም የሚያስታውስላት ቃዲው ነው፤ ለሴት ልጆች ግን የመደበኛው ክፍፍል ይበልጣል። ከመፈረም በፊት ሁለቱንም ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርቶ ማየት ነው።

ክርስቲያን የሆነችውን ልጅ መርሳት

ወሎ ነውና አንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ወልዴ ይኖራሉ። በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ሙስሊም ያልሆነ ልጅ ከሙስሊም አባቱ አይወርስም። ለክርስቲያን ባል ሄዳ ሃይማኖቷን የለወጠች ልጅ በዚህ ከዝርዝር ትወጣለች። አባት ግን ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው መናዘዝ ይችላል፣ ለሷም ጭምር። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ኑዛዜውን እንደ ኒካ በሁለት ምስክር መጨረስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እዚያው መፈረም አለበት፤ ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ብቻ ነው። መነበቡና መፈረሙም በኑዛዜው ላይ ይጻፍ፣ ቀኑም ይግባ።