ተዳፋት ላይ የቀረበ የመኖሪያ ቤቶች ፕላን እንዴት ይመረመራል?

ጅማ ውስጥ ፕላን ስመረምር መጀመሪያ የምዘረጋው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመሮች የሚያሳየውን የኮንቱር ካርታ ነው። ያማረው የሕንፃ ሥዕል ይቆይ። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለአግድም ርቀቱ አካፍልና በ100 አባዛ። በ30 ሜትር ውስጥ 6 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መሬቱን ቆርጦ አንድ ሜዳ የሚያደርግ ዲዛይን ከመጣ፣ ቤቶቹ እንደ እርከን እንዲደረደሩ አስተያየት ጽፌ እመልሳለሁ።

ከዚያ ቦታው ድረስ ሂድ፤ ክረምት ቢሆን ይመረጣል። ግንዳቸው ከሥር የጎበጠ ዛፎች፣ በበጋም የማይደርቅ ቄጠማ፣ የተሰነጠቀ የጎረቤት አጥር ካየህ መዝግብ፤ አፈሩ እየተንሸራተተ ወይም ውስጥ ለውስጥ ውሃ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የሚኖር ሰው ጎርፍ በየት እንደሚመጣ አሳምሮ ያውቃል፣ ጠይቀው። ጎርፉ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው ወይስ የታችኛው ሰው ግቢ? ፕላኑ ይህን ካልመለሰ አልተሟላም።

ብዙ ጊዜ የምወስደው የተቆረጠውን ወይም የተሞላውን አፈር ደግፎ በሚይዘው ድጋፍ ግንብ ላይ ነው። ግንብን የሚገፋው አፈር ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የታቆረ ውሃ ይጥለዋል። ስለዚህ ግንቡና መሬቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጠው በሚታዩበት በቁርጥ ሥዕሉ ላይ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር፣ በግንቡ ውስጥ የውሃ ማስወጫ ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መኖሩን አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። የአፈር ምርመራው ጉድጓድም ከተሞላው አፈር አልፎ ነባሩን መሬት መንካት አለበት።

የሽንት ቤት ጉድጓድ ከድጋፍ ግንቡ አናት አጠገብ ከተቀመጠ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም አልፈርምም።