ካርዱ አልፎ ብሩ ካልገባ፦ የፖስ ችግርና መፍትሄ

የፖሱን፣ ማለትም የካርድ መቀበያ ማሽኑን፣ ቻርጅና ኔትወርክ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ማሽኑ 51 ካለ በካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ የለም። 55 የምስጢር ቁጥር ስህተት ነው። 91 ካለ የካርዱ ባንክ መልስ አልሰጠም፤ ቆይታችሁ ሞክሩ።

ጎንደር ውስጥ ሆቴሎችን የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ተቀብሏል፣ ደረሰኝ ወጥቷል፣ እንግዳው ሄዷል፣ ሒሳቡ ላይ ግን ብር የለም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፕሪኦትራይዜሽን ነው። ይሄ ገንዘቡን ይይዛል እንጂ አይቆርጥም። እንግዳው ሲወጣ ኮምፕሊሽን፣ ማለትም የተያዘውን የመቁረጥ ሥራ፣ ካልተሠራ፣ ቀናት ሲያልፉ የተያዘው ይለቀቅና ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል የጥምቀት ሰሞን ሙሉ ነበር። እንግዶቹ ማልደው ወደ ደባርቅ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ወጡ። የማታው ልጅ ሲገቡ ገንዘቡን በፕሪኦትራይዜሽን ይዟል፣ የጠዋቷ ልጅ ተከፍሏል ብላ ሸኘች። መሳቢያውን ስንከፍት በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች አሉ፣ ሁሉም ላይ "ፕሪኦት" ይላል፤ ግማሾቹ ደብዝዘው የማረጋገጫ ቁጥራቸው እንኳ አይነበብም። ያለዚያ ቁጥር ደግሞ ኮምፕሊሽን አይሠራም! እባካችሁ በርካሽ ወረቀት አትቆጥቡ፣ ደረሰኙንም ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት የመጀመሪያውን ደረሰኝ አውጡ፣ ኮምፕሊሽን ግቡ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩንና የመጨረሻውን ሒሳብ አስገቡ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ለሚያድር በቀጥታ ሽያጭ ብትቆርጡ ይሻላል። ማታ ማታ ደግሞ የቀኑን ሽያጭ ወደ ባንክ የሚልከውን ሴትልመንት ዝጉ፤ ማሽኑ ራሱ ይዘጋል ብላችሁ አትተኙ።

አስጎብኚዎች ሌላ ችግር አለባችሁ። ቀብድ ከውጭ አገር ልትቀበሉ ፈልጋችሁ የካርድ ቁጥር በዋትሳፕ ትቀበሉና ፖሱ ላይ በእጅ ትጽፋላችሁ። የፖስ ሒሳብ ካርዱ ፊታችሁ ላለ ሽያጭ ነው። እንግዳው "እኔ አልከፈልኩም" ካለ ብሩ ከእናንተ ይመለሳል፣ የምትከራከሩበትም ማስረጃ የላችሁም። ባንካችሁን የኢንተርኔት ክፍያ መቀበያ ሒሳብ ጠይቁ፣ ውሉም ለብቻ ነው። የውጭውን የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት ስትራይፕን እንክፈት የምትሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አይከፍትም።

ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ደብተር ላይ የጻፋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ቅደዱት። ክፍያው ካለፈ በኋላ ማስቀመጥ በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ክልክል ነው።