ድባቴ ከማኒያ ምልክቶች ጋር ሲደባለቅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉም የቆየው ስህተት ድባቴና ማኒያ (ጉልበት፣ ንግግርና ሐሳብ ከልክ በላይ የሚጨምሩበት የስሜት ሁኔታ) ተራ በተራ እንጂ አንድ ላይ አይመጡም ብሎ ማሰብ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን ሁለቱ ተደባልቀው እንደሚታዩ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጽፎ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያም፣ የድባቴን መስፈርት ያሟላ ሰው በአብዛኞቹ የሕመሙ ቀናት ቢያንስ 3 የማኒያ ምልክቶች ከታዩበት ሕመሙ «ቅይጥ ገጽታ ያለው» እንዲባል አድርጓል።

እንቅልፍ ማጣትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ሁለተኛው ስህተት ነው። በተለመደው ድባቴ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲነጋ ዝሎ ይነሣል፤ ቅይጥ ምልክት ያለበት ግን እያለቀሰም ቢሆን ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም ሳይሰማው፣ በሌሊት የቁም ሣጥኑን ልብስ አውጥቶ ሲያጥፍና መልሶ ሲፈታ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ተኙ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ «በማግስቱስ ደከመዎት?» መባል አለበት።

ሐሳብ መብዛቱንም እንዲሁ መለየት ያሻል። ድባቴ ያለበት ሰው አንዱን ጸጸት ደጋግሞ ያመነዥጋል፤ በቅይጡ ግን ሐሳቡ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ንግግሩም አብሮት ይጣደፋል።

ቁጡነት፣ መቁነጥነጥና ትኩረት ማጣት በሁለቱም በኩል ስለሚታዩ መመሪያው ከቅይጥ ገጽታ መስፈርቱ አስቀርቷቸዋል። በእኔ እይታ እነዚህን ምልክቶች መቁጠር ሳይሆን ከነጭራሹ መተው ነው የባሰው ስህተት፤ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያየው እነርሱን ነውና።

እጅግ አደገኛው ስህተት ታማሚው ሲንቀሳቀስና ሲናገር አይቶ «ተሻለው» ማለት ነው። በከባድ ድባቴ የተያዘ ሰው ሞትን ቢመኝም አንዳንዴ ለመነሣት እንኳ አቅም ያጣል፤ ተስፋ መቁረጡ ሳይቀንስ ጉልበትና ችኩልነት ሲጨመርበት ግን ራሱን የማጥፋት አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይጭርበትም። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን ሳይተዉ፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቀው በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ቅይጥ ምልክት የታየበት ሁሉ ባይፖላር (ድባቴና ማኒያ የሚፈራረቁበት ሕመም) አለበት ብሎ መደምደምም ትክክል አይደለም፤ ሆኖም ወደዚያ የማምራት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ክትትል ያሻዋል። የታይሮይድ መዛባት፣ ስቴሮይድና አነቃቂ ዕፆችም ተመሳሳይ መልክ ሊያመጡ ይችላሉ።

በመጨረሻ፣ የቤተሰብ የባይፖላር ታሪክና ያለፈ የማኒያ ምልክት ሳይጠየቅ ፀረ ድባቴ መድኃኒትን ብቻውን የመጀመር ስህተት አለ። በአንዳንዶች ዘንድ መቁነጥነጡንና እንቅልፍ ማጣቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ስሜትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችን ያስቀድማሉ ወይም አብረው ያዝዛሉ። ይህን ያነበበ ታማሚ ግን የጀመረውን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ለውጡ በሐኪሙ ትእዛዝ ይሁን።