በተን ላይ ✓ እና → ሳጥን ወይ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ መስኮትና በተን መስሪያ) የተሰሩ የሽያጭና የስቶር ሶፍትዌሮች ስጠግን እንደዚህ ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር የለም፤ ሰሪው ላፕቶፕ ላይ «✓ መዝግብ» ብሎ አምሮ የሚታየው በተን (የሚጫነው ቁልፍ) ደንበኛው ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት በተኑ ላይ በትክክል ምን እንደሚታይ እወቁ። «ተበላሽቷል» የሚል ስልክ አይበቃም፣ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። ሳጥን (□) ከሆነ ፊደሉ በሰላም ደርሷል፣ የጠፋው የሚስለው ፎንት ነው። ጥያቄ ምልክት ወይ የተዘባረቀ ነገር ከሆነ ግን ፊደሉ ራሱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ መቶ ፎንት ብትጭኑ አይመለስም። ይሄን ሳይለዩ ሙሉ ቀን ፎንት ሲጭኑ የዋሉ ልጆች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ ምልክት ወይ የተዘባረቀ

ምክንያቱ ኢንኮዲንግ ነው፣ ማለትም ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ወደ ቁጥር የሚቀየርበት መንገድ። ቀስቷ → ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ሶስት ባይት ናት፣ ዊንዶውስ በ1252 ኮድፔጅ (ለላቲን ፊደል በተሰራ ሌላ ኢንኮዲንግ) ካነበባት ሶስት ቦታ ትበተናለች፤ ባርኔጣ ያለው የላቲን ኤ፣ ከዛ †፣ ከዛ ’ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደልም እያንዳንዱ ሶስት ባይት ስለሆነ አጭሩ ቃል በተኑን ሞልቶ ይተርፋል። መፍትሄው የኮዱን ፋይል በዩቲኤፍ-8 ሴቭ ማድረግና ኮምፓይል ስታደርጉም ኢንኮዲንጉን በግልፅ መንገር ነው፣ ከጃቫ 18 (2022) ጀምሮ ዲፎልቱ ዩቲኤፍ-8 ሆኗል፣ ግን ደንበኞቻችን ጋ ያለው አብዛኛው ጃቫ 8 ነው። ጃቫ 8 ላይ ደግሞ የበተን ፅሁፉን ፕሮፐርቲስ ፋይል (ፅሁፍ ከኮዱ ተለይቶ የሚቀመጥበት) ውስጥ ካስቀመጣችሁ በላቲን-1 ኢንኮዲንግ ነው የሚያነበው፣ ይሄ የተስተካከለው ከ9 ጀምሮ ነው፤ እዛ ጋ ባክስላሽና ዩ (\u) አድርጋችሁ የፊደሉን ቁጥር (ዩኒኮድ የሚባለውን አለም አቀፍ የፊደል ቁጥር) ፃፉ፣ ለ→ 2192፣ ለ✓ 2713። ማስጠንቀቂያ፦ ፋይሉ አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ሴቭ ከተደረገ ዋናው ፊደል የለም፣ እንደገና ከመፃፍ ሌላ መንገድ የለውም።

ሳጥን

አሁን ወደ ዋናው። ከአስር ጥሪ ስምንቱ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰሪው ላፕቶፑ ላይ ያለውን የግዕዝ ፎንት ስም ኮዱ ውስጥ ይፅፍና ፎንቱን ግን አብሮ አይልክም። ጃቫ ያ ስም ከሌለ ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ዳያሎግ በሚባለው መደበኛ ፎንት ይተካዋል፣ ማሽኑ ላይ ግዕዝ ካለ ይታያል ከሌለ ሳጥን ነው፣ ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ይሰራል አንዱ አይሰራም። አንድ ሱቅ ውስጥ ጭራሽ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የቀኗ ካሸር ስትገባ ደህና ነው የማታዋ ስትገባ ሳጥን ነው፣ ሁለት ጊዜ ቀን ቀን ሄጄ ምንም ሳላገኝ ተመለስኩ። ሶስተኛው ላይ በማታዋ ዩዘር ገብቼ ሳይ ፎንቱን የጫነው ሰው ለአንድ ዩዘር ብቻ ነው የጫነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ለሁሉም ዩዘር የሚለውን ካልመረጣችሁ እንደዛ ነው የሚሆነው።

ዘላቂው መፍትሄ ፎንቱን ከሶፍትዌሩ ጋር መላክ ነው። የፎንት ፋይሉን ጃር (የሶፍትዌሩ ጥቅል ፋይል) ውስጥ አስገቡና በክሪኤት ፎንት (createFont) ሜተድ ጫኑት፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ፈቃዱም አብሮ መላክ ይፈቅዳል። ግን ተጠንቀቁ፣ በዚህ መንገድ የመጣ ፎንት መጠኑ 1 ነው፣ አስራ አራት አይደለም አንድ! በዲራይቭ ፎንት (deriveFont) ካላሳደጋችሁት በተኑ ባዶ ይመስላል። ስታሳድጉት ደግሞ ከ14 ኋላ የኤፍ ፊደሏን (14f) እንዳትረሱ፣ ያለሷ ጃቫ 14ን እንደ መጠን ሳይሆን እንደ ስታይል (ደማቅ ወይ ዘመም) ነው የሚቆጥረው፣ ኮምፓይል ይሆናል፣ ኤረር የለም፣ ፅሁፉም የለም። በዚች አንድ ፊደል ምክንያት ሶፍትዌሩ በሙሉ እንደ አዲስ ይሰራ ብሎ የወሰነ ድርጅት አውቃለሁ፣ ስንት ብር ነው የባከነው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አማርኛው መጥቶ ✓ ብቻ ሳጥን ከሆነ አትደንግጡ፣ ብዙ የግዕዝ ፎንት ውስጥ ✓ የለም፣ እናንተ የጫናችሁት ፎንት ደግሞ ከሌላ ፎንት አይበደርም። ካን ዲስፕሌይ አፕ ቱ (canDisplayUpTo) የሚለውን ሜተድ ሙሉውን ፅሁፍ ስጡት፣ -1 ከመለሰ ሁሉም አለ፣ ሌላ ቁጥር ከመለሰ እዛ ቦታ ላይ ያለው ፊደል ነው የጎደለው። እኔ አሁን ምልክትን በፅሁፍ አላስገባም፣ ትንሽ ስእል አድርጌ አይከን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ፅሁፉ ፅሁፍ ብቻ ይሆናል። እናንተም እንደዛ አድርጉ።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ትንሽ በተን ላይ ✓ በሚገባው ቦታ ሶስት ነጥብ ካያችሁ ፎንት አይደለም፣ የስዊንግ መደበኛ ገፅታ ግራና ቀኝ 14 ፒክስል ማርጅን (ባዶ ቦታ) ይይዛል፣ ከነጠርዙ 30 ፒክስል በተን ላይ ለፅሁፍ ቦታ አይተርፍም። ማርጅኑን ዜሮ አድርጉት።

& ጠፍቶ ቀጣዩ ፊደል ስር መስመር ከወጣ ሶፍትዌሩ የተሰራው በስዊንግ ሳይሆን በዊንዶውስ ፎርምስ ወይ በኪውት ነው፣ && ብላችሁ ድገሙት። ደብሊውፒኤፍ በሚባለው ሌላ የዊንዶውስ መስሪያ ላይ ደግሞ የሚጠፋው _ ነው፣ እሱንም ድገሙት።

ወደ ላይ ቀስት በነበረበት 5፣ ወደ ታች በነበረበት 6 ከመጣ ሰሪው ማርሌት የሚባለውን በፊደልና በቁጥር ፋንታ ምልክት የሚስል ፎንት ተጠቅሞ ፎንቱ ጠፍቷል።

አማርኛው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከሆነ ፅሁፉ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነው፤ ያን ፎንት ፈልጋችሁ እንዳትጭኑ፣ ፅሁፉን በዩኒኮድ እንደገና ተይቡት።