ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ አሮጌ ዴስክቶፕን እንዴት እንመርምር?

አሮጌ ዴስክቶፕ ሲያስቸግር ሁሉም ሰው አፉ ላይ ያለው መፍትሄ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ግን ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ) አይጠግንም። የደከመ ሃርድ ዲስክም አያድስም። ችግሩ ዕቃው ላይ ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስም ብዙ ሳይቆይ እንደ ድሮው ስታክ ማድረግ ይጀምራል፣ ፋይላችሁ ደግሞ በከንቱ ጠፍቷል። መጀመሪያ ማሽኑን ራሱን ጠይቁት።

መመርመሪያው ብዙ ጊዜ አብሮት የመጣ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ እያበራችሁ ኤፍ 12ን ደጋግማችሁ ንኩ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ዳያግኖስቲክስ (ምርመራ) የሚለውን ምረጡ። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ 2 ነው። ዊንዶውስ ጨርሶ ባይነሳ እንኳ ይሠራል። ብልሽት ካገኘ የስህተት ቁጥር ያሳያችኋል፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዴል ላይ 2000-0123 የራም፣ 2000-0142 የሃርድ ዲስክ ችግር ነው። ቁጥሩን ይዞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው በቀላሉ አይሸወድም።

ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ቢፕ ቢፕ ይላል

መጀመሪያ የሞኒተሩ ኬብል የት እንደተሰካ እዩ። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ሞኒተሩ የሚልከው ሰሌዳ) ካለ ኬብሉ እሱ ላይ መሆን አለበት። በዚህች ብቻ ስንት ደህና ኮምፒውተር «ተበላሸ» ተብሏል።

ከዚያ ቢፑን ቁጠሩ። ብዙዎቹ የቆዩ ኦፕቲፕሌክሶች ላይ 2 ጊዜ ከሆነ ራሙ አልታየም፣ 4 ጊዜ ከሆነ ራሙ ተበላሽቷል፣ 6 ጊዜ ከሆነ ጣጣው ግራፊክሱ ጋ ነው። የሌላ ኩባንያ ማሽን ከሆነ ትርጉሙ ይለያያልና የሞዴሉን ማኑዋል ተመልከቱ።

ራም ከሆነ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ትንሽ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስጨርሱ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ። ራሙን አውጡና ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ እሹት። የላጲሱን ፍርፋሪ ጥረጉ፤ ማስገቢያው ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ስትመልሱት መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ጫን አድርጉ። አቧራ ለጠጣ ማሽን ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

በየመሃሉ ስታክ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል

እዚህም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራም ነው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ በእሱ አስነሱትና ሌሊቱን ይሥራ። አንድም ቀይ መስመር ከታየ ራሙ ወድቋል፤ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ፈትኑ። ከዚያ ስህተት ያሳየውን በሌላው ማስገቢያ ሞክሩት። ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ራሙን ቀይሩ፤ ማስገቢያው ላይ ከቀረ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት የዋናው ሰሌዳ ነው። ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የራም ዓይነት ይለያያል፣ ዲዲአር 3 የሚባለው በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም።

ይንቀራፈፋል፣ ፋይል አይከፍትም፣ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል

ሃርድ ዲስክ ነው። ከምርመራው በፊት የማትተኩትን ፋይል ገልብጡ፤ ረጅም ምርመራ ራሱ ሊሞት የተቃረበን ዲስክ ሊጨርሰው ይችላል። ዊንዶውስ «ዲስኩን ልጠግን» ቢላችሁም ሳትገለብጡ እሺ አትበሉ።

ቀጥሎ የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። ሙሉውን ሠንጠረዥ መረዳት አያስፈልግም። 05፣ ሲ 5 እና ሲ 6 የሚሉትን መስመሮች ፈልጉና የመጨረሻውን ዓምድ እዩ። ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው። ሲ 5 ላይ ቁጥር ካለ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረማ ጊዜ አትስጡት። ሲ 7 ብቻውን እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ሊሆን ይችላል። ኬብሉን ቀይራችሁ ቁጥሩ መቆሙን እዩ።

ዲስክ መቀየር ካለባችሁ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዙ። ለአሮጌ ማሽን ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አላየሁም።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል

ባትሪ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ሲአር 2032። ሰዓቱ ሲዛባ ድረ ገጾችም «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አንከፍት ይላሉ፤ ሰው ግን ኢንተርኔቱን ይከሳል።

ድንገት ድርግም ይላል

ምክንያቱ ወይ ሙቀት ነው ወይ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ሳጥን። ሥራ ሲበዛበት ብቻ ከጠፋ ሙቀቱን ጠርጥሩ። አቧራውን በብሩሽ አጽዱ፤ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ከሆነ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ።

ሥራ ፈትቶ ተቀምጦም የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን እዩ። ዳያግኖስቲክሱ «ሁሉም ደህና» ቢላችሁ እንኳ ፓወር ሰፕላዩ ነጻ ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ዴሎች ከኋላ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት ጎን ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ ስትጫኗት አረንጓዴ መብራት ካልበራ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ፓወር ሰፕላዩ ኤቲኤክስ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ከሆነ ኮምፒውተሩ እየሠራ በመልቲሜትር ለኩ፦ በቢጫውና በጥቁሩ ገመድ መካከል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ በቀዩና በጥቁሩ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ሳጥኑን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ይይዛል።

ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ እንዳለው እዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ቀይ ማብሪያ ከሌለው ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ካለ በእኛም 220 ይሠራል።

ምትክ ስትገዙ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። መሰኪያውንም አስተያዩ፤ ኦፕቲፕሌክስ 7020ና 9020ን የመሰሉት ከተለመደው 24 ፒን ይልቅ 8 ፒን ስለሚጠቀሙ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ አይገጥምላቸውም።

ምርመራው የጠቆመው ማዘርቦርዱን ከሆነ፣ ወይም እሱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ትንንሽ ጣሳ የመሰሉ ዕቃዎች) ካያችሁ፣ ለጥገና ብዙ አታውጡ። ዲስኩንና ራሙን ነቅላችሁ ተመሳሳይ ሞዴል ያገለገለ ማሽን ውስጥ ግጠሟቸው።