ውጭ ለሚማር ተማሪ የመጠሪያ ስም አመራረጥ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ተነስቶ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ ሁለት ስም ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። አንዱ የወረቀት ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው፣ አንድ ፊደሉ የማይነካው። ሌላው የመጠሪያ ስም ነው፤ መምህሩና የመኝታ ክፍል ጓደኛው የሚጠሩት። ጣጣ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ስለሆነ መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉን የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያውን፣ ፋይዳውን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን ደርድሩና ፊደል በፊደል አስተያዩ። በወሎ ስሞች ላይ ልዩነት የማይጠፋባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ሁሴን በአንድ ኤስ ነው በሁለት? እንድሪስ በኢ ይጀምራል በአይ? ሙሐመድ ከኤም ቀጥሎ ኦ ነው ዩ? አብዱራህማንና ገብረማርያምስ አንድ ላይ ናቸው ተለያይተው? የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል። ገብረ እና ማርያም በክፍት ቦታ ከተለያዩ የውጭው ኮምፒውተር ሁለት ስም አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ትራንስክሪፕቱ አንድ ላይ ጽፏቸው ከሆነ ሁለቱ ሰነዶች አይገናኙም። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ አንድ ላይ አስጽፉ።

አብዛኛው ሰነድ የያዘውን አጻጻፍ መርጣችሁ የቀሩትን ፓስፖርቱ ሳይወጣ አስተካክሉ። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ግን ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል፣ አጻጻፉ ባያምራችሁም። የቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ የድሮ ሰነድ አልለውጥም ካለ፣ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቁ።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ ቅጽ ሁሉ ግን ይጠይቃል። መልሱ ያለው ፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት በያዙት ሁለት መስመሮች ላይ ነው። በላይኛው መስመር ከሀገር ኮዱ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ተደርጎ የተመዘገበው ነው፤ ከዚያ ሁለት የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች፣ ከእነሱ በኋላ የቀሩት ስሞች ይከተላሉ። የአይልትስ ወይም የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ምዝገባን፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻን፣ የቪዛ ቅጽንና የአውሮፕላን ትኬትን ከዚያው ቅዱ። የፈተና ምዝገባው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ በር ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። የአሜሪካን ቪዛ ለምታመለክቱ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፓስፖርቱ ላይ ከሁለቱ የስም ቦታዎች አንዱ ብቻ ከተሞላ ቅጹ በመጀመሪያ ስም ቦታ ኤፍ-ኤን-ዩ እንድትሞሉ ያዝዛል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም እንደማለት ነው። በኋላ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ስማችሁ ኤፍ-ኤን-ዩ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ መጠሪያው። ኬቪን ወይም ጄሲካ የሚል አዲስ ስም ማውጣት ግዴታ አይደለም። ብዙ የቻይና ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ ክፍል ጀምሮ የያዙት ስም ስላላቸው ልማዱ የሁሉም ይመስላል እንጂ ማንም አይጠይቃችሁም። በእኛ አስተያየት አዲስ ስም የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ስም ፈትሹ።

ፍተሻው ቀላል ነው። የስልካችሁን የጽሑፍ ማንበቢያ በእንግሊዝኛ አድርጋችሁ ስማችሁን እንደ ፓስፖርቱ ጻፉና አስነብቡት። ፊደሉን ብቻ አይቶ የሚያነብ ፈረንጅ የሚለው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ጂ ከኢ ወይም ከአይ በፊት ስትመጣ ብዙ ጊዜ ጀ ትሆናለች፤ ግርማ ‹ጀርማ›፣ ገነት ‹ጄኔት› ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ያለች ኢ ስለምትዋጥ ከበደ ‹ከቢድ› ይባላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም፤ ጦይባ ቶይባ መሆኗን ከወዲሁ ተቀበሉት።

ከዚህ የሚብሰው ስሙ በእነሱ ቋንቋ ሌላ ነገር ሲሆን ነው። ደምሴ ከኤም በኋላ አይ ገብቶ በአንድ ኤስ ከተጻፈ ‹ሞት› የሚል ቃል ይሆናል፤ ሁለት ኤስ እና መጨረሻ ላይ አይ-ኢ ያድኑታል። የሽታዬ የመጀመሪያ አራት ፊደላት ስድብ ናቸው፤ ፓስፖርት ያልወጣላት ከኤች ቀጥሎ በአይ ፈንታ ኢ ታስጽፍ። ሰይድ በኤስ-ኤ-አይ-ዲ ከተጻፈ ‹አለ› ከሚለው ግስ ጋር አንድ ነው። ፋጡማን በቤት ፋቲ ማለት ያምራል፤ እዚያ ግን ‹ወፍራሟ› ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ሙሉውን ፋጡማ ማለት ይሻላል፤ ፋቲማ የሚለውን ስለሚያውቁት አይከብዳቸውም።

ስሙ ካስቸገረ ከውስጡ አጭር ቁራጭ አውጡ። ሁለት የድምፅ ክፍል (ቀለም) ያለው፣ በአ ወይም በኢ ድምፅ የሚጨርስ ስም በቀላሉ ይያዛል፦ ከከድጃ ኬዲ፣ ከሰዓዳ ሳዳ። ሰይድ ሲድ ቢባል የታወቀ የእንግሊዝ ስም ነው። እንድሪስ ኢድሪስ ቢል ተዋናዩን ኢድሪስ ኤልባን ያየ ሁሉ ይጠራዋል። ሙሐመድን መንካት አያስፈልግም፤ ማሳጠር ከፈለጋችሁ እንኳ ሞ ፋራህና ሞ ሳላህ መንገዱን ጠርገውታል። በወሎ በሁለቱም ሃይማኖት ቤት የሚገኙት የነቢያት ስሞች ደግሞ በእንግሊዝኛም አቻ አላቸው፦ ዩሱፍና ዮሴፍ ጆሴፍ፣ ዳውድና ዳዊት ዴቪድ ይሆናሉ። ትርጉም ፈልጎ ስም ማውጣት ግን ያሳስታል። ተስፋዬን ሆፕ ያለ ሰው የሴት ስም ይዞ ይመዘገባል።

የመረጣችሁትን ለመመዝገብ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪ ገጽ ክፈቱ፤ ብዙዎቹ ለመጠሪያ ስም የተለየ ቦታ አላቸው። እዚያ የሞላችሁት በክፍል ስም ዝርዝር፣ ካንቫስ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽና በኢሜይል ላይ ይወጣል። የኢሜይል አድራሻው ከተፈጠረ በኋላ መለወጥ ሊያስቸግር ስለሚችል በጊዜ ጠይቁ። ባንክ፣ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና ትኬት ሁሌም በወረቀት ስም ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር ኬዲ ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ አስቀድማችሁ ንገሩት። የምርምር ጽሑፍ የምታሳትሙ ከሆነ አሊ፣ አሕመድና ይመር የሚል የአባት ስም ያለው ሌላ ተመራማሪ አይጠፋምና የአያት ስም መነሻ ፊደል ጨምሩ፤ ተመራማሪን ከስመ ሞክሼው የሚለየውን ባለ 16 አሃዝ የኦርሲድ ቁጥርም አውጡ።

አጠራሩን በመጀመሪያው ሳምንት አስተምሩ። ሰው በስህተት ሲጠራችሁ ወዲያው፣ በፈገግታ አርሙት፤ ከወር በኋላ ማረም እሱንም እናንተንም ያሳፍራል። ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ በሞባይሉ መተግበሪያ እስከ 10 ሰከንድ የሚደርስ የስም አጠራር መቅዳት ይቻላል፤ ከቃለ መጠይቅ በፊት ይጠቅማል።

ቤተሰብም መጠሪያውን ከወረቀቱ እንዲለይ አስረዱ። ከደሴ ጥቅል የሚልክላችሁ ሰው የወረቀቱን ስም ይጻፍ። እናንተም ገንዘብ ስትልኩ ስሙን በግምት አትጻፉ፤ የተቀባዩን መታወቂያ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙና ፊደሉን ከዚያ ገልብጡ።