የድሮ የእንግሊዝ ከተማ የጤና ሪፖርት አነባበብ

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ የእንግሊዝ ከተሞች የጤና ሹሞች በየዓመቱ ሪፖርት ያወጡ ነበር። መጀመሪያ የሕፃናትን ሞት ፈልጉ። ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱትን በሕይወት ለተወለዱት አካፍላችሁ በ1000 አባዙ፤ ከ600 ልደት 42 ሞት ካለ 70 ይመጣል። በ1930 የእንግሊዝና ዌልስ አማካይ 60 ገደማ ነበር። በትንሽ ከተማ ግን የስድስት ሕፃናት ልዩነት ብቻ ውጤቱን በ10 ስለሚያናጋው የአምስት ዓመቱን ደምራችሁ አስሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጠቅላላውን የሞት መጠን፣ ማለትም ሟቾች ለከተማው ሕዝብ ቁጥር ተካፍለው የሚገኘውን፣ ሲያነቡ ነው፤ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1921 እና በ1931 ብቻ ስለሆነ የመካከሉ የሕዝብ ቁጥር ግምት ነው።

የቤቶች ሠንጠረዥ እንዳያመልጣችሁ። ባለቤቱ ራሱ ያደሰው ቤትና እሱ እምቢ ሲል የከተማው አስተዳደር ያደሰው ለየብቻ ተመዝግቧል፤ የተከራዩ ችግር ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።